ትንንሽ ዱባ ከዘር፦ አበባው ሞልቶ ፍሬው ለምን ይረግፋል?

ጀማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጓሮ የዘራሁት ትንንሽ ዱባ ሐረጉ ጥሩ ሄዷል። የመጀመሪያዎቹ አበቦች ፍሬ ሳይዙ ረገፉ፤ አሁን ደግሞ አውራ ጣት የሚያካክሉ ፍሬዎች ቢጫ እየሆኑ ይወድቃሉ። ውሃ አንሶት ነው ወይስ ማዳበሪያ? ከዘሩም ግማሹ አልበቀለም። የቀረኝን እንዴት ልዝራ?

ሐረግ፦
የመጀመሪያዎቹ አያሳስቡዎት። ዱባ የሚያስቀድመው ወንዴ አበባ ነው፤ እሱ ፍሬ አይዝም። ሴቴዋን ከሥሯ ባለው ትንሽ ፍሬ ይለዩዋታል። ያ ፍሬ ቢጫ ሆኖ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ የወንዴው አበባ ብናኝ ለሴቴዋ ሳይደርሳት ሲቀር ነው፤ ንብ አንሷል ማለት ነው። በእጅ ያዳቅሉ። ሴቴዋ የምትከፈተው ለአንድ ጠዋት ብቻ ስለሆነ ከ3 ሰዓት በፊት ይድረሱ። በዚያው ጠዋት የፈካ ወንዴ አበባ ቆርጠው ቅጠሎቹን ይግፈፉና መሃሉ ላይ ያለውን ዘንግ በሴቴዋ መሃል ዙሪያውን ያሹት። አንድ ጎን ብቻ ከነኩ ፍሬው ተጣሞ ያድጋል። አንዱ ወንዴ ለሁለት ሴቴ ይበቃል። ዝናብ ያረጠበው ብናኝ ግን ብዙም አይረባም።

አፈር፦
ሐረግ ልክ ነው፤ ማዳበሪያውን ግን አትለፉት። ዩሪያ የበዛበት ዱባ ቅጠሉ እንጂ ፍሬው አይበረክትም። ከአበባ በኋላ ዩሪያ ይቅር። ውሃውም በቅጠሉ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ይፍሰስ፤ አለዚያ ቅጠሉ ለበሽታ ይጋለጣል።

ዘሩን በተመለከተ፦ አፈሩ ከ18 ዲግሪ በታች ከሆነ ሳይበቅል ይበሰብሳል። ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በየጉድጓዱ 2 ወይም 3 ዘር፣ በጉድጓዶቹ መካከል ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር። ሲበቅሉ ጠንካራውን አስቀርተው ሌላውን በመቀስ ይቁረጡት፤ ከነቀሉት የጎረቤቱን ሥር ያናጋል። ሙቀት እያለው በሁለት ሳምንት ካልወጣ ቆፍረው ይዩት። ዘሩ ከላሸቀ ውሃ በዝቷል፤ ባዶ ቅርፊት ካገኙ አይጥ በልቶታል።

ጀማሪ፦
አመሰግናለሁ። ከሚደርሰው ፍሬ ዘር ማስቀረት ይቻላል? አጠገቡ ዝኩኒ አለ።

ሐረግ፦
ብዙዎቹ ትንንሽ ዱባዎች ከዝኩኒ ጋር ይዳቀላሉ። የዘንድሮው ፍሬ አይለወጥም፤ ከዘሩ የሚበቅለው ግን ምን እንደሚሆን አይታወቅም። ንጹሕ ዘር ከፈለጉ የሴቴዋንም የወንዴውንም እንቡጥ በዋዜማው ማታ በክር ያስሩ፣ ጠዋት ፈትተው ያዳቅሉ፣ ከዚያ ሴቴዋን መልሰው ይሰሯት። ካልታሰረ አበባ በተገኘ ዘር የበቀለ ፍሬ ሲቀምሱት መራራ ከሆነ ይጣሉት፤ የሚያመርረው መርዝ በማብሰል አይጠፋም።