የማይክል ዋትሰን ማስታወሻ ውድድር፦ ሪንግ ዳር ምን እናዘጋጅ?

ጦሳ_ሥር፦

ሰላም የቦክስ ቤተሰብ፣ እንደምን ከረማችሁ። ደሴ ያለን የቦክስ ልጆች በመጪው መስከረም የማይክል ዋትሰንን ማስታወሻ የወዳጅነት ውድድር ልናዘጋጅ ነው። እንግሊዛዊው ቦክሰኛ ዋትሰን ለንደን ዋይት ሃርት ሌን ስታዲየም ከክሪስ ዩባንክ ጋር ለሁለተኛ ጊዜ የገጠመው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 1991 ነው፤ በእኛ መስከረም 10 ቀን 1984 ዓ.ም። ያን ጊዜ ገና የ26 ዓመት ሰው ነበር፣ ከዚያ በኋላ ጓንት አላጠለቀም።

ያሰብነው ስምንት ጥንድ አማተር፣ ለእያንዳንዱ 3 ዙር በ3 ደቂቃ ነው። ቦታው ኮምቦልቻ፣ ሰዓቱ ማታ። ቲሸርት ይታተማል፣ መክፈቻው ላይ የሕሊና ጸሎት ይደረጋል። ዋትሰን ያን ሌሊት አንጎሉ ክፉኛ የተጎዳው በቦታው ሐኪም ስላልነበረ ነው ስለሚባል እኛ አንድ ነርስና የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን ይዘናል። ሁሉም ተጋጣሚ ሄልሜት ያደርጋል። ምን ይጎድለናል? ኦክሲጅን የግድ ነው? ከሆነስ ስንት ይበቃል?

ነጭ_ሸሚዝ፦

ወንድሜ፣ ሐሳቡ ግሩም ነው። ግን የሕሊና ጸሎቱን ከፕሮግራሙ አውጡት። የሕሊና ጸሎት ለሞተ ሰው ነው፣ ዋትሰን ከዚያ ሌሊት ተርፏል። 40 ቀን ራሱን ስቶ ቆይቶ፣ ጭንቅላቱ ስድስት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ዓመታትን በተሽከርካሪ ወንበር አሳልፎ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የለንደን ማራቶንን በስድስት ቀን በእግሩ ጨርሷል። መጨረሻው ላይ አብረውት ከተራመዱት አንዱ ቀዶ ሕክምናውን ያደረገለት ፒተር ሃምሊን፣ ሌላው ራሱ ዩባንክ ነበር። ለእንዲህ ያለ ሰው ቆሞ ማጨብጨብ ነው የሚገባው።

«ሐኪም አልነበረም» የሚለውም በየቦታው ይደገማል፣ ትክክል አይደለም። ሐኪሞች ነበሩ። ያልነበረው ሪንግ ዳር ላይ ትንፋሽ የሚያስቀጥል መሣሪያና መሣሪያውን አንስቶ ወዲያው የሚሠራበት ሰው ነው። የሆነው እንዲህ ነው፦ በ11ኛው ዙር መጨረሻ ዋትሰን ዩባንክን ጣለው። ዩባንክ ተነሥቶ በአፐርካት (ከታች ወደ ላይ በሚወረወር ቡጢ) መታው፣ ዋትሰን ወደ ኋላ ሲወድቅ ጭንቅላቱ ገመዱን መታ። 12ኛውን ለመጀመር በእግሩ ወጣ፣ ዳኛው ግን ወዲያው አስቆመው። ሪንጉ በሰው ተጥለቀለቀ። ሐኪም እስኪያየው 7 ደቂቃ አለፈ። መጀመሪያ የተወሰደበት ሆስፒታል ሲደርስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሆኖ ነበር፤ ኦክሲጅን እዚያ አገኘ፣ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ክፍል ግን እዚያ አልነበረም። ስለዚህ እንደገና ወደ ሴንት ባርቶሎሚው ተጫነ። ደሙ የፈሰሰው በአንጎልና በራስ ቅል መካከል ነው፤ ደሙ ቦታ እየያዘ ሲሄድ አንጎሉ ይታፈናል፣ በዚያ ላይ አየር ሲያጥረው ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1999፣ ይግባኝ ሰሚው ደግሞ በዲሴምበር 2000 የብሪታንያን የቦክስ ቦርድ ተጠያቂ ያደረጉት በዚህ ነው፦ ሕጉን የሚያወጣው ቦርዱ ስለሆነ፣ በሪንግ ዳር የሚሰጠውን የነፍስ አድን እርዳታ አስቀድሞ ማዘዝ ነበረበት ተባለ።

ስለዚህ ማስታወሻ ካላችሁ፣ መስከረም 10 ጠዋት ሪንጉ ከተተከለ በኋላ ልምምድ አድርጉ። አንድ ልጅ ፋሻና ጓንት እንዳጠለቀ፣ ጥርስ መከላከያውን እንደነከሰ መሐል ሪንግ ላይ ይተኛ። ደወል ይመታ፣ ሰዓት ይያዝ። ከደወሉ እስከ ሐኪሙ እጅ፣ ከደወሉ እስከ ኦክሲጅን ጭምብል፣ ከደወሉ እስከ አምቡላንሱ በር መዘጋት፣ ሦስቱንም ጻፉ። ሐኪሙ በ20 ሰከንድ ሪንግ ውስጥ ካልገባ፣ ጭምብሉ በአንድ ደቂቃ ፊቱ ላይ ካልሆነ የሆነ ነገር ተዘግቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘጋው ደረጃው ነው። ሁለቱ የተጋጣሚዎች ማእዘኖች በባልዲና በወንበር የተሞሉ ናቸው፤ ሦስተኛ ደረጃ ገለልተኛው ማእዘን ላይ ለሐኪሙ ብቻ ይቀመጥ፣ ፎቶ አንሺ እንዳይቆምበት።

ቃሬዛውን ካሁኑ ሞክሩት። ገመዶቹ ከወለሉ 40፣ 70፣ 100 እና 130 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆኑ በመካከላቸው ያለው ክፍተት 30 ብቻ ነው፣ በዚያ ላይ በቁመት የሚያያይዛቸው ማሰሪያ አለ። በላይ አንሥቶ ለማውጣት የሚታገል ሰው በሽተኛውን ይጥለዋል። ጠፍጣፋው የቃሬዛ ሰሌዳ በታችኛው ገመድ ሥር ነው የሚወጣው፦ አንድ ሰው ገመዱን ወደ ላይ ይይዛል፣ ሁለቱ ከውስጥ ይገፋሉ፣ ሁለቱ መሬት ቆመው ይቀበላሉ። የሪንጉ ወለል ከመሬት 1 ሜትር ገደማ ስለሚሆን ተቀባዮቹ ቁመት ያላቸው ይሁኑ። አጫጭሮቹ ከገቡ ሰሌዳው ወደ እግር ያዘነብላል።

ነርስ_ከቦርከና፦

ስለ ኦክሲጅኑ ልመልስ። አዎ፣ የግድ ነው። መጠኑን ለማወቅ ሲሊንደሩ አንገት ላይ የተጻፈውን ሊትር በጌጁ ላይ በሚያሳየው ባር (የግፊት መጠን) አባዙት። 10 ሊትር ሲሊንደር 150 ባር ካለው 1,500 ሊትር ጋዝ ይዟል። በደቂቃ 15 ሊትር ሲለቀቅ 100 ደቂቃ ይሄዳል። 5 ሊትሩ 100 ባር ላይ ከሆነ ግን 500 ሊትር ነው፣ በ33 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። ያ ከኮምቦልቻ ደሴ ዳገቱን ከጂቡቲ መኪና ኋላ ተሰልፎ ለሚወጣ አምቡላንስ አይበቃም። «ሙሉ ነው» ተብሎ የመጣ ሲሊንደር ባዶ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ስለሆነ በዋዜማው ሬጉሌተሩን (የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረውን) ግጠሙና ቁጥሩን በዓይናችሁ እዩ። መክፈቻ ቁልፉን በገመድ ሲሊንደሩ ላይ እሰሩት፣ ሁልጊዜ የሚጠፋው እሱ ነው።

አሁን የምለውን ለኮርነር ሰዎች (በዙር መሐል ቦክሰኛውን ለሚረዱት) ሁሉ ንገሩ። ቫዝሊን የነካ እጅ የኦክሲጅን ቫልቭ አይነካም። ቅባት ከተጨመቀ ኦክሲጅን ጋር ሲገናኝ ይቀጣጠላል። የቦክስ ኮርነር ደግሞ ቫዝሊን ያልነካው እጅ የለውም። ሲሊንደሩን የሚከፍት ሰው ከኮርነር ሥራ ውጭ ይሁን፣ ፊት የሚቀባም አይሁን።

ከሲሊንደሩ ጋር የሚቀመጠው፦ ከረጢት ያለው የኦክሲጅን ጭምብል፣ የአዋቂ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ የሚሰጥ)፣ ምላስ ጉሮሮ እንዳይዘጋ አፍ ውስጥ የሚገባ ቱቦ ቁጥር 2፣ 3 እና 4፣ በእጅ ወይም በእግር የሚሠራ መምጠጫ (መብራት ሲጠፋ የኤሌክትሪኩ አይረዳችሁም)፣ የአንገት መደገፊያ፣ ባትሪና ጠንካራ መቀስ። መቀሱ ለምን አትበሉ፤ የጣት ኦክሲጅን መለኪያ ጓንት ባጠለቀ እጅ ላይ አይሠራም፣ የጓንቱ ቴፕም በጥርስ አይፈታም። በነገራችን ላይ መለኪያው ደሴ ላይ 93 ወይም 94 ቢያሳይ በከፍታው ምክንያት ነው፣ አያስደነግጥም።

ተራው እንዲህ ነው፦ ጭንቅላትና አንገት በሁለት እጅ ይያዝ፣ ጥርስ መከላከያው ይውጣ፣ ትንፋሽ ይታይ፣ ጭምብል ይደረግ፣ ከዚያ ነው መቀሱ። ውኃ ፊት ላይ መድፋት፣ በጥፊ መምታት፣ አሞኒያ ማሽተት፣ እጁን ስቦ ማስቀመጥ የለም። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፣ ስኳር ውኃም ቢሆን።

እና ብቻውን የሆነ ነርስ አይበቃም። በአምቡ ባግ ትንፋሽ መስጠት የሚችል ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ጭምብሉን በሁለት እጅ ገጥሞ ሲይዝ ሌላው ይጨምቃል። ከማደንዘዣ ክፍል ሰው ብታገኙ እሱን የሚያህል የለም።

ሆጤ_ጀብ፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ። ግን ዋትሰንን በጉዳቱ ብቻ አታስታውሱት፣ ልጆቹ ቦክሱንም ይዩለት። ከ30 ግጥሚያ 25 አሸንፏል። ትልቁ ሥራው እ.ኤ.አ. ሜይ 21 ቀን 1989 ፊንስበሪ ፓርክ ድንኳን ውስጥ ናይጀል ቤንን በ6ኛው ዙር ማሸነፉ ነው። ቤን እስከዚያ 22 ገጥሞ ሃያ ሁለቱንም በዝረራ የጨረሰ ሰው ነበር።

አሸናፊነቱ የመጣው ከመከላከል ነው። ዋትሰን ክንዶቹን ጎድኑ ላይ አጣብቆ፣ ጓንቱን ቅንድቡ አጠገብ አድርጎ፣ የቤንን ሁክ (ከጎን የሚወረወር ቡጢ) በክርኑና በጓንቱ ተቀበለ። ወደ ኋላ አልሸሸም፣ ሁክ የሚከፋው ለሸሸ ሰው ነውና። ቤን ሲያርፍ ብቻ ቀጥ ያለ ሁለት ሦስት ቡጢ እየመለሰ እንደገና ይዘጋል። አምስተኛው ዙር ላይ ቤን ክንዱ ከብዶት ነበር፣ በስድስተኛው የጣለው ጀብ (በፊተኛው እጅ ቀጥ ብሎ የሚወረወር ቡጢ) ነው። ተራ ጀብ!

ለወጣቶቹ ልምምድ አድርጉት፦ 3 ዙር፣ አንዱ በ16 አውንስ ጓንት ሁክ ብቻ በግማሽ ኃይል ይወረውራል፣ ሌላው ተዘግቶ ይቀበልና ከሦስተኛው ቡጢ በኋላ ጀብና ቀኝ ይመልሳል። የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። ጓንቱን ግንባሩ ላይ የሚያስደግፍ ልጅ ምቱ በራሱ ጓንት በኩል ያገኘዋል፤ ጥቂት ክፍተት ይተው። ክርኑን የሚከፍት ልጅ ደግሞ ጉበቱን ይሰጣል። ኮምቦልቻ የለመዱት ደሴ ወጥተው ከሠሩ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ስላሉ በሁለተኛው ዙር እጃቸው ይወርዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዙሩን ወደ 2 ደቂቃ አውርዱት።

ጦሳ_ሥር፦

እጅግ አመሰግናለሁ። የሕሊና ጸሎቱ ወጥቷል፣ ልምምዱ ገብቷል። ሁለት ነገር ቀረኝ። ሄልሜት ካለ አደጋው አይቀንስም ወይ? ቦታውስ ኮምቦልቻ ቢሆን ችግር አለው? አዳራሹ እዚያ ይሻላል ብለን ነው።

ነጭ_ሸሚዝ፦

ሄልሜት ቅንድብ እንዳይሰነጠቅ፣ ጆሮ እንዳይጎዳ ያደርጋል። ጭንቅላት በድንገት ሲዞር በአንጎልና በሽፋኑ መካከል ያሉት ቀጫጭን ደም ሥሮች እንዳይበጠሱ ግን አያደርግም፣ ዋትሰን የደረሰበት ደግሞ እሱ ነው። ዓለም አቀፉ አማተር ቦክስ እ.ኤ.አ. በ2013 ለአዋቂ ወንዶች አስቀርቶታል። ለጀማሪ አድርጉለት፣ ግን ሄልሜት አለ ብሎ ግጥሚያ ማስቆም የሚያዘገይ ዳኛ አትመድቡ። ይልቅ የገመዱን ውጥረት ተመልከቱ፦ የላላ ገመድ ልጁን ወደ ውጭ ይጥለዋል፣ ማእዘኑ ላይ ያለው መጠምዘዣ ደግሞ ያለ ትራስ አይተው። ከሸራው ሥር ያለው ፍራሽ ከ1.3 እስከ 1.9 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ወፍራም የቤት ስፖንጅ አንጥፎ «ይበልጥ ይለሰልስ» ማለት ቁርጭምጭሚት ማጣመም ነው።

ቦታውን በተመለከተ ደሴ አድርጉት። የዋትሰን ሁለተኛ ኪሳራ መጀመሪያ የተሳሳተ ሆስፒታል መሄዱ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ብትሆኑ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ ዳገት በመካከል አለ፣ ማታ ደግሞ ጭጋግ ይወርዳል። ደሴ ቢሆንም ሳይጠየቅ አይኬድም፦ ከሳምንት በፊት በደብዳቤ፣ በዕለቱ ጠዋት በስልክ ደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን ጠይቁ። የሲቲ ስካኑ ማሽን እየሠራ ነው? ራስ ቅል ከፍቶ ደም ማውጣት የሚችል ሐኪም በዚያ ሰዓት ተረኛ ነው? ማደንዘዣ አለ? ከሦስቱ አንዱ «የለም» ከተባለ የጀብ ልምምድና የፋሻ አጠማጠም አሳዩ፣ ግጥሚያ አታድርጉ። ሰዓቱን ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሩት፣ በብርሃን ያልቃል።

አምቡላንሱ በ907 የሚጠራ ሳይሆን ቆሞ የሚጠብቅ ይሁን። ፊቱ ወደ መውጫው፣ ሾፌሩ ወንበሩ ላይ። አንድ በሽተኛ ይዞ ከሄደ ሌላ እስኪተካ ግጥሚያው ይቆማል። ሕዝቡ ይጮኻል፣ ይጩኽ።

ነርስ_ከቦርከና፦

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከግጥሚያው በኋላ ስላለው ነው። ይህ ዓይነቱ ደም መፍሰስ አንዳንዴ ሰውየው በእግሩ ቤቱ ገብቶ፣ ሳምቡሳ በልቶ፣ ሌሊት ነው የሚገለጠው። ከጭንቅላት ምት የተነሣ ግጥሚያው የቆመበት ልጅ ብቻውን አይደር። እያደር የሚብስ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው መስፋት፣ የአንድ ጎን እጅ ወይም እግር መክበድ፣ የተዘበራረቀ ወሬ፣ ሲቀሰቅሱት አለመንቃት፣ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ጠዋት አይጠበቅም።

አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ ደም የመርጋት አቅምን ስለሚቀንሱ አይሰጡ፤ ካስፈለገ ፓራሲታሞል። መጠጥም ጫትም ለ24 ሰዓት ይቅር፣ ምልክቱን ይሸፍናሉ። ባጃጅ የሚነዳ ከሆነ ቁልፉን ቤተሰብ ይያዝለት። ከዚያ ቢያንስ 30 ቀን ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) የለም፤ ሳክ (የልምምድ ከረጢት) መምታትም ራስ ምታቱ ሙሉ በሙሉ ከተወው በኋላ ነው። ይህን በአንድ ገጽ አማርኛ አትሙና አብሮት ለሚያድረው ሰው በእጁ ስጡት፣ ለቦክሰኛው ብቻ አትንገሩት፤ የተመታ ሰው «ደህና ነኝ» ማለት አይከብደውም። የሆስፒታሉን የድንገተኛ ክፍል ስልክም ከገጹ አናት ላይ በትልቁ ጻፉት።