የዕቅድ ውይይት፦ ከፍልሰታ በፊት ኦሽን ሲቲ

ጸሐፊዋ፦ ሰላም የሲልቨር ስፕሪንግ (የዋሽንግተን ጎረቤት) ማኅበርተኞች። ባለፈው ስብሰባ "ዘንድሮ ልጆቹን ባሕር እናሳያቸው" ተባለ፣ ሁሉም አጨበጨበ፣ ከዚያ ወዲህ ዝም ነው። ስለዚህ ረቂቁን እኔ ጀምሬዋለሁ፣ እናንተ እንደፈለጋችሁ ቆራርጡት። ቦታው ኦሽን ሲቲ፣ ሜሪላንድ፤ ከእኛ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ዘጠኝ ቤተሰብ፣ ሁለት አዳር። ጁላይ 17 ዓርብ ከሥራ መልስ ተነስተን እሑድ እንመለሳለን። "ደስ ይላል" ብሎ ብቻ የሚያልፍ ሰው ሐሳብ እንደሰጠ አልቆጥረውም።

ጋሼ፦ ልጄ፣ የቼሳፒክን ድልድይ ረስተሽዋል። ዕድሜዬን ሙሉ ታክሲ የነዳሁት በዚህ ከተማ ነው። በበጋ ዓርብ ማታ ዋሽንግተን ነቅሎ ወደ ባሕሩ ይሄዳል፣ ሁሉም ደግሞ በዚያ አንድ ድልድይ ነው። ሦስት ያልሽው ሰዓት አምስት ይሆናል፣ እሑድ ከሰዓት ያው ሰው ሁሉ ይመለሳል። እኛ በተቃራኒው እንሂድ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነስቶ ማክሰኞ መመለስ። መንገዱ ይቀላል፣ ሆቴሉም ከዓርብና ከቅዳሜው ይረክሳል።

የመንትዮቹ እናት፦ ጋሼ እውነትዎን ነው፣ ባለቤቴም ቅዳሜ ስለሚሠራ ለእኛ ይሄ ይሻላል። ድልድዩን ግን አታንሱብኝ። ርዝመቱ 4.3 ማይል፣ ከፍታው ከውሃው በላይ 186 ጫማ፣ የዳሩ መከላከያ ደግሞ ጉልበቴን አይደርስም መሰለኝ። ባለፈው ዓይኔን ጨፍኜ ነው የተሻገርኩት። ልጆቹ "ማሚ አለቀ" እያሉ ሦስቴ ዋሹኝ።

ጋሼ፦ አይዞሽ፣ መኪናሽን ተቀብለው በክፍያ የሚያሻግሩ ሰዎች አሉ። እንዳንቺ የሚፈራው ብዛቱ እንጀራ ሆኗቸዋል። አንቺን እኔ በነጻ አሻግርሻለሁ። የድልድዩ ክፍያም ሲኬድ ብቻ ነው፣ ሲመለሱ የለም። ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። ኢዚ ፓስ (መኪና ላይ የሚለጠፈው መክፈያ) የሌለው ሂሳቡ በፖስታ ይመጣለታል፣ ያኔ "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" እንዳትሉ።

ገንዘብ ያዡ፦ እሑድ ይሁን። የትኛው እሑድ? ጁላይ 19 ከሆነ እኔ የለሁበትም። የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነው፣ ያውም እዚሁ ኒው ጀርሲ። እነሱ ዋንጫ ሲያነሱ እኔ ድልድይ ላይ ልቀመጥ?

ጸሐፊዋ፦ ኧረ በማርያም! ሆቴል ውስጥ ቴሌቪዥን የለም እንዴ?

ገንዘብ ያዡ፦ ጨዋታው ከሰዓት ነው እህቴ። ከቅዳሴ በኋላ ከተነሳን መንገድ ላይ ነን። እኔ ብቻ እንዳልመስልሽ፣ ሌሎቹ ወንዶች አፍረው ነው ዝም ያሉት።

ነርሷ፦ ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ሁለቱን ካላንደር ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁት። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፣ ያ ማለት ጁላይ 12 እሑድ። ሰው ከ40 ቀን በላይ ጾሞ በፍስኩ ቀን ሻንጣ አይሸክምም። 19ን ኳሱ ወሰደው። 26 ደግሞ ሐምሌ 19 ነው፣ ገብርኤል፤ ዘንድሮ እሑድ ላይ ስለዋለ ዝክር ያለባቸው ቤቶች አይወጡም። ኦገስት 7 ፍልሰታ ይገባል። የሚቀረን ኦገስት 2 ብቻ ነው፣ ሐምሌ 26። ማክሰኞ ማታ ቤታችን እንገባለን፣ ረቡዕን እንጾማለን፣ ለፍልሰታም እንደ ቅበላ ይሆንልናል።

አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ ከደሴ መጥታ እኔ ጋ ናት። "ባሕር ዳር ልንሄድ ነው" ብላት "ቲኬቱን መቼ ቆረጣችሁ?" አለችኝ። ጣና እንዳልሆነ አስረድቻታለሁ፣ አሁን በጣም ጓጉታለች። ጉልበቷ ግን አሸዋ ላይ አያስኬዳትም። ከተማው ለአሸዋ የተሠራ ባለ ወፍራም ጎማ ዊልቸር በነጻ ያውሳል፣ ቀድመን እንጠይቅ።

ገንዘብ ያዡ፦ ኦገስት 2 ጸድቋል በሉኝ። ቦታው ላይ ግን ጥያቄ አለኝ። ሪሆቦት የሚባለው የባሕር ዳር ከተማ ለምን አይሆንም? ይቀርባል፣ ዴላዌር ስለሆነ ዕቃ ሲገዛ ታክስ የለም።

የመንትዮቹ እናት፦ ባለፈው ዓመት ሄደን አይተነዋል። ደስ የሚል ቦታ ነው፣ ግን ቢቹ (የባሕሩ ዳር አሸዋ) ላይ ድንኳን መትከል ክልክል ነው፣ ጃንጥላ ብቻ። በዚያ ላይ ፈረሶቹስ?

ገንዘብ ያዡ፦ የምን ፈረስ?

የመንትዮቹ እናት፦ ከኦሽን ሲቲ ትንሽ ነድተህ አሳቲግ የሚባል ደሴት አለ፣ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች አሸዋው ላይ ይዞራሉ። ድሮ ሁለቱ አንድ መሬት ነበሩ፣ በ1933 አውሎ ነፋስ መጥቶ ቆረጣቸው። ፈረሶቹን መመገብም መንካትም አይፈቀድም፣ 40 ጫማ መራቅ ነው። ትንኙ ግን አይጣል ነው፣ መከላከያ ያዙ። መግቢያው በመኪና ይከፈላል፤ አራተኛ ክፍል የሚማር ልጅ ያላችሁ ለልጁ የሚሰጠውን ነጻ የፓርክ ካርድ ከኢንተርኔት አውጡለት፣ አብሮት በመኪናው ያለው ሁሉ በነጻ ይገባል። በኦገስት መጨረሻ ጊዜው ያልፋል፣ ለእኛ ይደርስልናል።

ገንዘብ ያዡ፦ ነጻ ካልሽ ፈረሱንም አየሁት።

የአሌክሳንድሪያው፦ እኛ ሁለት ቤተሰብ ነን፣ ቀኑ ተስማምቶናል። ሥጋችንን ራሳችን ይዘን እንመጣለን፣ ድስትና መጥበሻም ለብቻ፣ አደራ ጭልፋ እንዳይቀላቀል። ሽሮውና ፍርፍሩ የጋራ ይሁን። ክትፎ ግን በኩለር ተጭኖ በዚያ ሙቀት፣ የማንም ይሁን የማን፣ ይቅር።

የመንትዮቹ እናት፦ ጀበናው በእኔ። ዕጣን ግን የለም! ከጥቂት ዓመት በፊት ሌላ ከተማ፣ ሆቴል ክፍል ውስጥ አጨስን። አቦሉን ቀድተን ቶናው ሳይደርስ አላርሙ ጮኸ፣ ፎቁ ሁሉ በፒጃማ ወጣ፣ አማቴ ሲኒያቸውን እንደያዙ ፓርኪንግ ውስጥ ቆመው እሳት አደጋ ሲገባ አዩ። ቅጣቱን አልነግራችሁም።

ነርሷ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ውሃው ነው። ልጆቻችን ገንዳ ውስጥ ነው የተማሩት፣ እኛ ወላጆች ደግሞ አብዛኞቻችን መዋኘት አንችልም። ባሕሩ ላይ ሞገዱ የማይሰበርበት፣ ጸጥ ያለ የሚመስል መስመር ታያላችሁ። አታላዩ እሱ ነው፤ ውሃው ከዳር ወደ ውስጥ የሚሮጠው በዚያ ነው። እዚያ የገባ ልጅ ፊት ለፊት ወደ ዳር ከታገለ ጉልበቱ ያልቃል። ከዳርቻው ጋር ትይዩ ወደ ጎን ይዋኝ፣ ካቃተው ተንሳፎ እጁን ያውለብልብ። ይህንን ከመሄዳችን በፊት ቤት ውስጥ ደጋግማችሁ ንገሯቸው። ነፍስ አድኖቹ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ናቸው፤ ከዚያ ውጪ ማንም እግሩን አያርጥብ። መዋኘት የማይችል አባት ልጁን ተከትሎ እንዳይዘል፤ ሮጦ ነፍስ አድኑን ይጥራ።

መንገዶቹ ደግሞ በቁጥር ናቸው፣ ሰሜኑ ጫፍ 146 ይደርሳሉ። ድንኳናችን ያለበትን ቁጥር ትንንሾቹ ክንድ ላይ በብዕር እንጽፋለን። ከላይ ሲታይ ሁሉም ጃንጥላ አንድ ነው።

ጋሼ፦ ቢራስ?

ጸሐፊዋ፦ ቢቹም ቦርድዎኩም (በባሕሩ ዳር ያለው የእንጨት መንገድ) ላይ ክልክል ነው ጋሼ። ቦርድዎኩ ላይ ድንች ጥብስ ይበላሉ፣ ከ1929 ጀምሮ ያለ ቤት ነው፣ በካቻፕ ሳይሆን በኮምጣጤ።

እሺ፣ ረቂቁን አስተካክዬዋለሁ። ኦሽን ሲቲ፣ እሑድ ኦገስት 2 ከቅዳሴ በኋላ፣ እስከ ማክሰኞ 4። ሰኞ ሙሉ ቀን ባሕር፣ ማክሰኞ ጠዋት ፈረሶቹ፣ ከዚያ ወደ ቤት። መሪ መኪና ጋሼ፣ የውሃው ኃላፊ ነርሳችን፣ ምግቡ ከላይ እንደተባለው። ገንዘብ ያዡ ሦስት ሆቴል ጠይቆ እስከ ቅዳሜ ዋጋ ያምጣ፣ መዋጮውን ያኔ እንቆርጣለን። የተቃወመ ዛሬ ይጻፍ።

ነርሷ፦ ለእናቴ አነበብኩላት። ዕጣኑ ላይ አልተስማማችም። ሌላውን ተቀብላለች፣ ጋሼ መኪና ውስጥ የፊት ወንበር ይያዝልኝ ብላለች።

ጋሼ፦ የፊት ወንበሩ ተይዟል። የመንትዮቹ እናት ከኋላ ዓይኗን ትጨፍን።