ጥንቸላችን መታቀፍን ለምን ትጠላለች?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከስድስት ወር በፊት ለስምንት ዓመት ልጄ አንዲት ነጭ ጥንቸል ገዛሁላት። ጥንቸሏ ከልጄ እጅ ጎመን ትበላለች፤ ከመሬት ልታነሣት ስትሞክር ግን ክፉኛ ትራገጣለች፤ ባለፈው እሑድም ክንዷን በጥፍሯ ቧጠጠቻት። ልጄ «እማዬ፣ አትወደኝም ማለት ነው?» እያለች ስታለቅስ የምመልስላት አጣሁ። ጎረቤታችን ጥንቸሏን በጀርባዋ ሲያስተኛት ጸጥ እንደምትል አሳይቶናል፤ ይሁን እንጂ ዓይኗ እንደ ፈጠጠ ስለሚቀር ልቤ አላረፈም። የቀድሞ ባለቤቶቿ በድለዋት ይሆን? ወይስ ያጠፋነው ነገር አለ?

መልስ፣ ከአንድ ጥንቸል አርቢ፦
እኅቴ፣ ማንም ሳይበድላትም እንዲህ ልትሆን ትችላለች። ውሻና ድመት አዳኞች ናቸው፤ ጥንቸል ግን ታዳኝ ናት። ዓይኖቿ በጭንቅላቷ ግራና ቀኝ ስላሉ ዙሪያዋን ከሞላ ጎደል ሁሉ ታያለች፤ የማይታያት ከአፍንጫዋ ፊት ያለችው ጠባብ ቦታ ናት፤ እጅ በቀጥታ ወደ አፍንጫዋ ሲመጣባት የምትደነግጠውም ለዚህ ነው። ከሁሉ የሚብስባት ግን ከላይ የሚመጣው ነው። የእኔዎቹ ግቢ ውስጥ ሣር ሲግጡ የጭልፊት ጥላ ካለፈ፣ አንዷ በኋላ እግሯ መሬቱን ድው ታደርጋለች፤ ሌሎቹም በአፋቸው የያዙትን ሣር እንኳ ሳያኝኩ በቆሙበት ይደርቃሉ። ከላይ ወርዶ ወገቧን ይዞ ወደ አየር የሚያነሣት እጅ፣ ምንም ያህል ፍቅር ቢኖረው፣ ለእርሷ ከጭልፊት ጥፍር አይለይም።

ስለዚህ ልጅዎ ጥንቸሏን ወደ ራሷ ከማንሣት ይልቅ እርሷ ወደ ጥንቸሏ ትውረድ። ምንጣፍ ላይ ትቀመጥ፤ ጥቂት የድንብላል ቅጠል ከጎኗ ታስቀምጥና መጽሐፏን ታንብብ። ስትቀርባት ግንባሯን በቀስታ ትዳብሳት፤ አገጯንና እግሯን ግን አትንካ።

መልስ፣ ከአንድ የእንስሳት ሐኪም፦
ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ አጥንቷ ነው። የጥንቸል አጥንት ከሰውነቷ ክብደት 8 በመቶ ገደማ ብቻ ሲሆን የድመት ግን ወደ 13 በመቶ ይጠጋል፤ በአንጻሩ የኋላ እግሯ ጡንቻ እጅግ ብርቱ ነው። በዚህ ምክንያት የኋላ አካሏ ሳይደገፍ ተንጠልጥላ በኃይል ከተራገጠች የገዛ ጡንቻዋ የወገብ አከርካሪዋን ሊሰብረው ይችላል፤ ከዚያም የኋላ እግሯ ሽባ ይሆናል። ለሕክምና ወይም ጥፍር ለመቁረጥ ማንሣት ግድ ሲሆን አንድ እጅዎን ከደረቷ ሥር፣ ሌላውን ከመቀመጫዋ ሥር አድርገው ከሰውነትዎ ጋር ያጣብቋት፤ ሲያወርዷትም አራቱም እግሯ መሬት እስኪነካ አይልቀቋት። በጆሮዋ ማንሣት ብዙ ቦታ የተለመደ ቢሆንም ፍጹም ሊቀር የሚገባው ጭካኔ ነው።

በጀርባዋ ስትተኛ ጸጥ የምትለው ተመችቷት አይደለም። ማምለጫ ያጣች ታዳኝ እንደ ሞተች ሆና ትደርቃለች፤ ልብዎ የጠረጠረው እውነት ነውና እባክዎን ይህን አይድገሙባት።

ስለ ቀድሞ ባለቤቶቿ ለጠየቁት፦ እናት ጥንቸል ግልገሎቿን የምታጠባው አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ በተወለዱበት የመጀመሪያ ሳምንት፣ በተለይ በማጥቢያው ሰዓት አካባቢ፣ የሰው እጅ በእርጋታ የነካቸው ግልገሎች ሲያድጉ ሰውን ብዙም አይፈሩም። የእናንተዋ ይህ ዕድል ሳይገጥማት ቀርቶ ይሆናል። ቀድሞ ስትዳበስ ደስ ይላት የነበረች ጥንቸል ድንገት መነካትን ከጠላች፣ ጥርሷን በኃይል ካፋጨች ወይም ግማሽ ቀን ሙሉ ምግብ ካልቀመሰች ግን ያመማት ነገር አለና ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ይውሰዷት።

ጠያቂዋ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማንሣቱን ትተን ልጄ በየማታው ምንጣፉ ላይ ትቀመጣለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥንቸሏ ከሶፋው ሥር አልወጣችም ነበር፤ ትናንት ግን መጥታ የልጄን ጫማ ካሸተተች በኋላ አገጯን ደጋግማ አሸችበት። ልጄ እንዳትንቀሳቀስ ብላ ትንፋሿን ይዛ ቀረች። ይህ ምን ማለት ይሆን?

መልስ፣ ከጥንቸል አርቢው፦
ከአገጯ ሥር እኛ የማይሸተን ጠረን የሚያመነጭ ዕጢ አላት። የራሴ ነው የምትለውን ነገር ሁሉ በእርሱ ታሽበታለች። ይህንኑ ለልጅዎ ይንገሯት።