ክርክር፦ የሚደነዝዘው እጅ የዘር ጉዳይ ነው ወይስ የሥራ?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው መከራከሪያችን ካርፓል ተነል ነው። በእጅ አንጓ በኩል የሚያልፈው ሚዲያን የሚባለው ነርቭ ሲጨፈለቅ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ይደነዝዛሉ፤ ሌሊትም እንቅልፍ ይነሳል። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ሕመም በነጮች፣ በጥቁሮችና በላቲኖዎች መካከል ልዩነት ይታያል። ከየት መጣ? ከደም፣ ከሥራ፣ ወይስ ከሕክምናው? ክሊኒክ ስንሄድ ዘራችንን መሙላታችንስ ይጠቅመናል? ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆች አድርጉት።

ሐኪሙ ከሚኒሶታ፦ እኔ ዘር ከፎርሙ ይውጣ አልልም። በአሜሪካ ባሕር ኃይል በተደረገ ጥናት ነጮቹ ከጥቁሮቹ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ካርፓል ተነል ተገኝቶባቸዋል። ሁሉም የሚታከሙት በአንድ ሥርዓት ስለሆነ «ጥቁሩ ሐኪም ስላላገኘ ነው» ብሎ መደምደም ይከብዳል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ቪ122አይ የሚባል የጂን ለውጥ አለ፤ ከ100 አፍሪካ አሜሪካውያን ከ3 እስከ 4 የሚሆኑት ይዘውታል። ትራንስታይሬቲን የተባለው ፕሮቲን ይበላሽና በጅማትና በልብ ጡንቻ ላይ ይከማቻል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው በሁለቱም እጅ ካርፓል ተነል ነው፤ ልብ የሚደክመው ከዓመታት በኋላ ነው። ከ2019 ጀምሮ ለዚህ የልብ ሕመም ታፋሚዲስ የሚባል መድኃኒት ተፈቅዷል፤ የሚጠቅመው ግን በጊዜ ሲጀመር ነው። ዘር ካልጠየቅን እንዲህ ያለውን ሰው አሳልፈን ለሞት እንሰጠዋለን።

የነብራስካዋ፦ ዶክተር፣ እግዜር ይስጥህ። የእኔ እጅ የሞተው ግን ሥጋ ፋብሪካ ቢላ ይዤ ቆሜ ነው። ክፍሉ ብርድ ነው፤ ጓንት በጓንት ላይ ደርበሽ ትገቢያለሽ። መስመሩ አይቆምም። አንዱን ሳትጨርሺ ሌላው ይመጣል፤ ቢላው ሲዶለዱም ደግሞ በጉልበት መግፋት ነው፤ ለመሳል ወደ ኋላ ካልሽ ሥጋው ይከመርብሻል። ሌሊት እየተነሳሁ እጄን ሳራግፍ አድራለሁ። ጀበና አንስቼ መቅዳት አቃተኝ፤ ቡናውን ልጄ ትቀዳልኝ ጀመር። ለፋብሪካው ነርስ ብነግራት በረዶና የሕመም ማስታገሻ ሰጥታ ወደ ቦታዬ መለሰችኝ። በቀኜ የጓቲማላ ልጅ፣ በግራዬ ሱዳናዊ፣ ፊት ለፊቴ ከበርማ የመጣች ሴት ነበረች። አራታችንም በእረፍት ሰዓት እጃችንን እናራግፋለን። ደማችን አንድ ነው እንዴ?

ነርሷ ከሜሪላንድ፦ እትዬ የተናገሩት የተጠና ነገር ነው። ናዮሽ የተባለው የፌዴራል የሥራ ጤና ተቋም በደቡብ ካሮላይና አንድ የዶሮ ፋብሪካ ሠራተኞችን መርምሮ በ2014 ባወጣው ሪፖርት 42 በመቶው የካርፓል ተነል ምልክት ተገኝቶባቸዋል። በዓመቱ እዚሁ ሜሪላንድ ሌላ ፋብሪካ ውስጥ 34 በመቶ ሆነ። እነዚህን ፋብሪካዎች የሞሉት ጥቁሮችና ስደተኞች ናቸው። ባሕር ኃይሉን በተመለከተ፣ ጥናቱ የቆጠረው ሐኪም ዘንድ ቀርቦ በሽታው የተጻፈለትን ነው። ሕመሙን ችሎ የሚሠራ ሰው የትም አይቆጠርም። እኔ በየቀኑ የማየው ይኸው ነው፤ ሜዲኬድ፣ ማለትም መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሚሰጠው ኢንሹራንስ፣ ያለው ወይም ጭራሽ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ነርቩ እስኪመረመር ይጠብቃል፣ የእጅ ሐኪም እስኪያገኝ ይጠብቃል፣ ኦፕራሲዮን ቢፈቀድለት ደግሞ ያለ ደመወዝ ሳምንታት መቀመጥ አይችልም። እስከዚያ ከአውራ ጣቱ ሥር ያለው ሥጋ ይሟሽሻል። ያ አንዴ ከሟሸሸ በኦፕራሲዮንም ላይመለስ ይችላል። በጊዜው ቢሆን ማታ ማታ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ ወይም አንድ የስቴሮይድ መርፌ ይበቃው ነበር።

አሁን ዶክተር ያልከውን ጂን እንየው። እጅ በኦፕራሲዮን ሲከፈት ያ ፕሮቲን ተከማችቶ እንደሆነ ሥጋ ተወስዶ ይመርመር የሚሉት ሐኪሞች ራሳቸው የሚያዩት ዕድሜን ነው፤ ከ50 ያለፈ ወንድ፣ ከ60 ያለፈች ሴት፣ ሁለቱም እጅ የታመመ። ይህ ለነጩም ለጥቁሩም ይሠራል። ዘር የት ጋ ያስፈልጋል?

ከአሌክሳንድሪያ፦ በሠራተኛ ካሳ ጉዳይ ላይ ስለምሠራ በሕግ በኩል ልጨምር። ቨርጂኒያ ውስጥ በ1996 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በተደጋጋሚ እንቅስቃሴ የሚመጣ ጉዳት ካሳ አያሰጥም ብሎ ወሰነ። በ1997 ምክር ቤቱ ካርፓል ተነልን ማንኛውንም ሰው ሊይዝ ከሚችል ተራ ሕመም መደበው። ስለዚህ ሠራተኛው ከሥራው የመጣ መሆኑን ከተለመደው በጠነከረ ማስረጃ ማሳየት አለበት። ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ለኖረች እህታችን ይህን የሚጽፍላት ሐኪም ከየት ይምጣ? በፌዴራል ደረጃም በኖቬምበር 2000 የወጣውን፣ አሠራሩ የሠራተኛውን አካል እንዳይጎዳ የሚያዝዘውን ደንብ ኮንግረስ በማርች 2001 ሻረው። እኔ ልዩነቱ እዚህ ተሠራ እላለሁ።

ስለ ፎርሙ ደግሞ፣ የቪ122አይ መነሻ ምዕራብ አፍሪካ ነው። «ጥቁር» የሚለውን ሳጥን ስንሞላ እኛም ናይጄሪያዊውም ጃማይካዊውም አንድ ላይ እንታሰራለን። በማርች 2024 የወጣው የፌዴራል የዘር መጠይቅ መመዘኛ «ኢትዮጵያዊ» የሚል ንዑስ ሳጥን አስገብቷል፤ ጥሩ ነው። ሆኖም በ2020 ኮቪድ በሳውዝ ዳኮታ ግዛት በሱ ፎልስ ከተማ የአሳማ ሥጋ ፋብሪካ ሲዛመት ሲዲሲ የተባለው የፌዴራል የበሽታ መከላከያ ተቋም እንደጻፈው ሠራተኞቹ 40 ቋንቋ ይናገራሉ፤ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ኩናማ በብዛት ከሚነገሩት አሥሩ ውስጥ ነበሩ። ለእነዚህ ሰዎች ከዘራቸው ይልቅ ምን ቢላ፣ በሰዓት ስንት ጊዜ ብሎ የሚጠይቅ ፎርም ያስፈልጋቸዋል።

ሐኪሙ ከሚኒሶታ፦ የዕድሜውን መመዘኛ እቀበላለሁ፤ ሥራ ይጠየቅ በሚለውም እስማማለሁ። ዘር ይውጣ የሚለውን ግን አሁንም እቃወማለሁ። ጥቁሮችና ላቲኖዎች ይህን ኦፕራሲዮን የሚያገኙት ከነጮች ባነሰ መጠን መሆኑ የታወቀው ዘር ስለተመዘገበ ነው። ሳጥኑን ብናጠፋው አድልዎው አይጠፋም፤ የሚጠፋው ማስረጃችን ነው። ነርሷ የምትዘረዝረውን መጠበቅ ነገ በምን እናሳያለን?

ነርሷ ከሜሪላንድ፦ በዚህ ልክ ነህ፤ ሁለቱም ይጻፍ። ዛሬ ፎርሙ ላይ «ሥራ» በሚለው ፊት የሚጻፈው ግን «ሠራተኛ» የሚል አንድ ቃል ነው።

የነብራስካዋ፦ እኔ ስሄድ እሱንም የጠየቀኝ የለም። ዘሬን ግን ሦስቴ ሞልቻለሁ።

ከአሌክሳንድሪያ፦ እትዬ፣ ሳይጠይቁም ይናገሩ። «ይህን ሥራ እሠራለሁ፣ የጀመረኝ በዚህ ጊዜ ነው፣ ካርዴ ላይ ይጻፍልኝ» ይበሉ፤ አስተርጓሚም ይጠይቁ፣ በነፃ ነው። በእኛ ግዛት የካሳው ቀነ ገደብ የሚቆጠረው ሐኪሙ ሕመሙን ከነገረዎት ቀን ጀምሮ ነው፤ የነብራስካን ሕግ እዚያው ያለ ጠበቃ ይንገርዎ።