የልጄን ሐሳብ ከተዋሰችው እንዴት ልለየው?

የ13 ዓመት ልጅ አለችኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ እራት ላይ ፖለቲካ ማንሳት ጀምራለች፤ የመምረጫ ዕድሜ ወደ 16 ዝቅ ይበል ባይ ናት። ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 ይህንኑ ማድረጓን፣ እ.ኤ.አ. የ1989ኙ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12ም የራሱን አመለካከት መቅረጽ ለሚችል ልጅ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንደሚሰጥ ጠቅሳ አፌን አስያዘችኝ።

ስለ ግብር ስትናገር ግን የታላቅ ወንድሟን ቃል፣ የእጅ አወራወሩን ጭምር፣ ትደግማለች። «ለምን?» ስላት ትቆጣለች። የተቃራኒውን ወገን ይዘሽ ተከራከሪ አልኳት፤ ከራሷ አቋም ይልቅ አሳምራ ተከራከረችለትና ሁለታችንም ግራ ገባን። ዝም ማለትንም ሞከርኩ፤ ጨዋታዋ ሁሉ ከስልኳ ጋር ሆነ። ባለፈው ሳምንት ብሶብኝ «ይህ የአንቺ ሐሳብ አይደለም» ብላት፣ «ያንተስ የአያቴ አይደለም?» ብላ ሳህኗን አንስታ ሄደች። (እውነቷን ነው፤ በእሷ ዕድሜ እኔም የአባቴ ሬዲዮ ነበርኩ።) ከዚያ ወዲህ ርዕሱ ሲነሳ አታናግረኝም።

የእኔን አቋም ሳልጭንባት፣ የተዋሰችውን ከራሷ እንድትለይ የሚረዳ ምን ዓይነት ጥያቄ ልጠይቃት?