ሁለት ራውተር፣ አንድ ሶኬት፦ ለድሬ ቢሮዎች የፌይልኦቨር ጥቆማ

ባለፈው ግንቦት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ወዳለ አንድ ክሊኒክ ተጠርቼ ሄድኩ። ካርድ ክፍሉ ቆሟል። ላብራቶሪው ውጤት ለሐኪሞቹ መላክ አልቻለም። ኮሪደሩ ላይ ልጅ ያዘሉ እናቶች በዚያ ሙቀት ተደርድረዋል። ሳጥኑን ስከፍተው ራውተሩ ሁለት ነው፤ አንዱ ሲሞት ሌላው እንዲረከብ ተብሎ የተገዛ፤ ፌይልኦቨር የሚባለው ይኸው ነው። የሁለቱም ገመድ ግን አንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክቷል። ዲቫይደሩ ቀልጧል። አብረው ጠፉ።

ከዚያ ወዲህ ምን ልግዛ ለሚለኝ ሁሉ መጀመሪያ የምጠቁመው መብራቱን ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ)፣ ከተቻለም የተለያየ ብሬከር። ዩፒኤሱን ቆርቆሮ ሥር አታስቀምጡ። ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። የድሬን ቀትር ታውቁታላችሁ።

የኢንተርኔት መስመሩም እንደዚያው ሁለት ይሁን። እኔ የኢትዮ ቴሌኮምን ፋይበር ዋና፣ የሳፋሪኮምን 4ጂ ተጠባባቂ አደርጋለሁ። ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 ዓ.ም. አገልግሎቱን መጀመሪያ የሞከረው በእኛው ከተማ ነው። ሞደሙን ብረት ሳጥን ውስጥ አትቆልፉት፣ መስኮት አጠገብ ይሁን።

አሁን ወደ ዕቃው። ለትንሽ ቢሮ ሁለት ሚክሮቲክ ራውተር ይበቃል። ቪአርአርፒ የሚባለው አሠራር አንድ የጋራ አድራሻ ይሰጣቸዋል። ዋናው በየሰከንዱ «አለሁ» ይላል። ተረካቢው 3 ሰከንድ ተኩል ገደማ ድምፁን ካጣ አድራሻውን ራሱ ይይዛል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ራውተሩ ደህና ሆኖ መስመሩ ቢሞት ቪአርአርፒ በራሱ አያውቅም። የውጭ አድራሻ ፒንግ እያደረገ (መልስ ይሰጥ እንደሆነ እየጠየቀ) መስመር የሚቀይር ሩት፣ ማለትም የመንገድ ትእዛዝ፣ ለብቻው ይጻፍለት። ደግሞ አንዱ ላይ የቀየራችሁትን ሌላውም ላይ በእጃችሁ መቀየር አለባችሁ። ይሄ ይረሳል፣ እኔም ረስቼ አውቃለሁ።

ለሆስፒታልና ለትልቅ ሆቴል የምመርጠው ፒኤፍሴንስ ወይም ኦፒኤንሴንስ የሚባሉትን፣ ኮምፒውተርን ራውተር የሚያደርጉ ሶፍትዌሮች ነው። ካርፕ በሚባል ተመሳሳይ መንገድ ይረካከባሉ፤ ማካፈሉን ካበራችሁላቸው ግን የተከፈቱ ግንኙነቶችን መዝገብም ለተጠባባቂው ያካፍላሉ። ስለዚህ ሲቀያየሩ የተጀመረ ሥራ በአብዛኛው አይቋረጥም። ማስተካከያውንም ከዋናው ወደ ተረካቢው እንዲገለብጡ ማድረግ ይቻላል። ያገለገሉ ሚኒ ኮምፒውተሮች ላይ መጫን ይቻላል። ታይዋን ገበያ ወርዳችሁ ስትገዙ ግን ሁለቱ አንድ ዓይነት ይሁኑ፣ ቢያንስ 3 የኔትወርክ ወደብ ይኑራቸው። አንዱ ወደብ ለእርስ በርስ ወሬያቸው ብቻ ነው። በውጭው በኩል ደግሞ በተለምዶ 3 ቋሚ አይፒ (የማይቀያየር የኢንተርኔት አድራሻ) ይፈልጋል፤ መስመር ስትጠይቁ አብራችሁ ጠይቁ።

ኔትወርኩን የሚከታተለው ሰርቨርም ተጠባባቂ ያስፈልገዋል። ዛቢክስ የሚባለው የመከታተያ ሶፍትዌር ከ6.0 ጀምሮ ይህን በነፃ ይዞ መጥቷል። ዋናው ድንገት ከሞተ ተጠባባቂው ከ1 ደቂቃ ገደማ በኋላ ይረከባል፤ ጊዜውን ካልቀየራችሁት በቀር። በሚከታተላቸው ኮምፒውተሮች ላይ የሚጫነው ኤጀንት ላይ ሁለቱን ሰርቨሮች «ሰርቨርአክቲቭ» የሚለው መስመር ውስጥ ስትጽፉ በሴሚኮለን ለዩዋቸው። ኮማ ካደረጋችሁ ሁለት የማይተዋወቁ ሰርቨሮች አድርጎ ነው የሚወስዳቸው። ዳታቤዙ ግን አንድ ነው፤ እሱን ለብቻው ጠብቁት።

ዕቃውን የገጠመላችሁን ሰው ሒሳቡን ከመክፈላችሁ በፊት ገመድ አስነቅሉት። በሥራ ሰዓት፣ እናንተው ፊት። ሳቢያን ሁሉንም አስተካክለን ስንጨርስ ኃላፊዋን «ሲስተር፣ እርስዎ ይንቀሉት» አልኳቸው። ፈሩ። «አቦ ሰው እየተስተናገደ?» አሉኝ። ነቀሉት። ፒንጉ ላይ አንድ መስመር «ሪኩዌስት ታይምድ አውት» ወጣ፤ ቀጥሎ መልስ መምጣት ጀመረ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ቀና ሳትል የሚቀጥለውን ስም ጠራች።