«ቅርጻ ቅርጽ» የግድ የተቀረጸ መሆን አለበትን?

ጠያቂ፦

ስለ አሜሪካዊው አሌክሳንደር ካልደር አጭር ጽሑፍ በማዘጋጀት ላይ ሳለሁ አንድ ቃል አስቸገረኝ። «ሞቢል» የሚባሉትን፣ ከሽቦና ከቆርቆሮ ተሠርተው ከጣሪያ የሚንጠለጠሉትንና ነፋስ ሲነካቸው የሚንቀሳቀሱትን ሥራዎቹን «ቅርጻ ቅርጽ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ረቂቁን ያነበበ ወዳጄ ግን «መሮ ያልነካውን ነገር ማን ቀረጸው?» ሲል ሞገተኝ። «ሐውልት» እንዳልል ደግሞ የሚወዛወዝ ሐውልት ለጆሮ አይጥምም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መላሽ፦

«ሐውልት»ን መተውዎ ትክክል ነው። ሐውልት በግእዙም በአማርኛውም መጽሐፍ ቅዱስ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ነው፤ ያዕቆብ የተንተራሳትን ድንጋይ «ሐውልት አድርጎ አቆማት»፣ የሎጥም ሚስት የጨው ሐውልት ሆነች፤ የአክሱሞቹም ስማቸውን ያገኙት በመቆማቸው እንጂ የሰው መልክ ስላላቸው አይደለም። የሰው ምስል «ሐውልት» መባሉ፣ ለመታሰቢያ የሚቆም ድንጋይ ስሙን ለመታሰቢያ ለሚቆም ምስልም ስላዋሰው ይመስለኛል። ስድስት ኪሎ ባለው የሰማዕታት መታሰቢያ ሁለቱ ትርጉሞች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ መካከል ላይ የቆመው ዓምድ በጥንቱ ትርጉም ሐውልት ሲሆን፣ በዙሪያው ያሉት የሰዎች ምስሎች ግን በዛሬው አነጋገር ቅርጻ ቅርጽ ናቸው።

ወዳጅዎ የተከራከሩት ግሡን ይዘው ነው፤ የስሙን አሠራር ግን የተመለከቱት አይመስለኝም። «ቅርጻ ቅርጽ» እንደ «ብረታ ብረት» እና እንደ «ቅጠላ ቅጠል» ተደጋግሞ የተሠራ ስም በመሆኑ፣ በቁሙ ሲፈታ «ልዩ ልዩ ቅርጽ» ማለት ነው። ቅርጽ ደግሞ ምንም እንኳ ከ«ቀረጸ» ቢወለድ ከወላጁ ቤት ከወጣ ቆይቷል፤ የደመና ቅርጽ፣ የዳቦ ቅርጽ ስንል መሮ የያዘ ሰው በሐሳባችን አይመጣም። በዚህ ረገድ የእኛው ቃል ከአውሮፓውያኑ ይልቅ ሰፊ ነው፤ የእነርሱ ቃል በላቲን መፈልፈልንና መቅረጽን ከሚያመለክት ግሥ የወጣ ነውና።

ስሙና ሥራው መለያየታቸውም በካልደር አልተጀመረም። ዘመናዊው ቅርጻ ቅርጽ ብዙ ጊዜ ከእርሱ የሚጀመርለት ኦጉስት ሮዳን፣ በእጁ የሚሠራው በሸክላ ጭቃ ነበር፤ ጭቃው ወደ ጄሶ ይገለበጣል፣ ነሐሱን ቀላጮች ያፈሱታል፣ እብነ በረዱንም በአብዛኛው ረዳቶቹ ይጠርቡታል። እ.ኤ.አ. በ1877 «የነሐስ ዘመን» የተባለውን ሥራውን ለሕዝብ ሲያሳይ ከሕያው ሰው ገላ ላይ በቀጥታ የተቀዳ ነው ተብሎ እስከ መከሰስ ደርሷል። ፓብሎ ፒካሶ በ1912 ጊታርን ከካርቶንና ከክር ሲያበጅ፣ በ1914ም ያንኑ ከቆርቆሮ ሲደግመው፣ ከድንጋይ እየቀነሱ መልክ ማውጣት ቀርቶ ቁራጭን ከቁራጭ ማገጣጠም መጣ። ከዚያ በኋላ ስፔናዊው ቀራጺ ሁሊዮ ጎንዛሌዝ፣ በመኪና ፋብሪካ የተማረውን ብየዳ ከ1928 ጀምሮ ከፒካሶ ጋር ወደ ሥነ ጥበቡ አስገባው።

ሌላ አባል፦

በዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «ቀረጸ» እና «ቀረጠ» የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ጸጉርና ጠጉር፣ ጸበልና ጠበል እንደሚወራረሱ ሁሉ፣ አንዱ ከድንጋይ ሲቆርጥ ሌላው ከነጋዴ ገንዘብ ይቆርጣል። ይህን ያነሣሁት ጠያቂው ያቀረቡት ጥያቄ በእርግጥም በቀረጥ ሰበብ ፍርድ ቤት ደርሶ ስለነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 የሩማኒያ ተወላጁ ቀራጺ የኮንስታንቲን ብራንኩሺ «ወፍ በጠፈር» የተባለው ሥራ ኒው ዮርክ ወደብ ሲደርስ፣ የጉምሩክ ሹማምንት ክንፍም ላባም የሌለውን ያን ቀጭን፣ የተወለወለ ነሐስ ከወጥ ቤትና ከሆስፒታል ዕቃ መድበው 40 በመቶ ቀረጥ ጣሉበት። የሥነ ጥበብ ሥራ ከቀረጥ ነፃ ነበር፤ ሆኖም በ1916 የተሰጠ ፍርድ ቅርጻ ቅርጽን የተፈጥሮን፣ በተለይም የሰውን መልክ አስመስሎ የሚሠራ ጥበብ አድርጎ ተርጉሞት ስለነበር ወፉ መግቢያ አጣ።

ከ1927 ጀምሮ የተሰማው ክርክር ከሞላ ጎደል የቃል ፍቺ ክርክር ነበር። ቀራጺው ጄኮብ ኤፕስታይን ከመሰከሩት አንዱ ነበር፤ ብራንኩሺ ራሱም ነሐሱ ከተፈሰሰ በኋላ በእጁ ሞርዶ እንደ ወለወለው አስረዳ። በኅዳር 1928 ዳኞቹ፣ ነገሩን ከወፍ ጋር ማያያዝ ቢያስቸግራቸውም፣ ተፈጥሮን ከመቅዳት ይልቅ ረቂቅ ሐሳብን ለመግለጽ የሚጥር አዲስ የጥበብ ፈለግ መነሣቱን ተቀብለው ለብራንኩሺ ፈረዱለት።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ «ቅርጻ ቅርጽ»ን አልለውጥም። ታዲያ ግሡን ምን ላድርገው? «ካልደር ሞቢል ቀረጸ» ማለት አሁንም ይከብደኛል።

መላሽ፦

እዚያ ላይ ለወዳጅዎ እጅ እሰጣለሁ። «ቀራጺ» የሙያ ስም ሆኖ ጸንቷልና ለካልደርም ያገለግላል፤ ግሡን ግን እንደ እጁ ሥራ ይለዋውጡት። ካልደር ሽቦውን አጠፈ፣ ጎንዛሌዝ በየደ፣ ሮዳን በጭቃ አበጀ ይበሉ፤ «ቀረጸ»ን ደግሞ እንደ ብራንኩሺ «መሳሳም» ላለው፣ በ1907 እና በ1908 መካከል ያለ ጭቃ ሞዴል በቀጥታ ከድንጋይ ለወጣው ሥራ ያቆዩት።